የወንዝ ልጆች

ባለፈው እሑድ አቃቂ፣ አጎቴ ቤት ነበርኩ። በሰፈራቸው ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ቅዳሜ ሌሊት ሲመጣ ተነሥተው ሦስት ቢጫ ጀሪካንና አንድ በርሜል ሞልተዋል። ጠዋት የአጎቴ ባለቤት እትዬ ለቡና ጀበናውን ከሞሉ በኋላ ውሃውን አሽትተው ደጅ ደፉት። የምሠራው ውሃ በሚመረመርበት ላቦራቶሪ ነውና ጥያቄው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጋሼ የምላቸው አጎቴ አቃቂ በሰቃ ተወልደው፣ ወንዙ ዳር አድገው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከቁርስ እስከ አሥር ሰዓት ያወራነውን እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

ጋሼ፦ በይ እስኪ አንቺም አሽትቺው። የእኔ አፍንጫ የፋብሪካ ቀለም ጨርሶታል፤ የእሷ ግን አይሳሳትም።

እኔ፦ የክሎሪን ሽታ የለውም። የቦይ ሽታ ነው ያለው።

ጋሼ፦ ክሎሪን ባለመሽተቱስ ደስ ሊለን አይገባም? ባለፈው በረኪና በረኪና ሲል ሰፈሩ ሁሉ አጉረምርሞ ነበር።

እኔ፦ ዛሬም በረኪና በረኪና ቢል ደስ ይለኝ ነበር። ያ ቀላል ሽታ፣ ውሃው ከመነሻው እስከ እርስዎ ግቢ ድረስ ጠባቂ ይዞ መጥቷል ማለት ነው። ቧንቧው ጫፍ ላይ ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን ሊተርፍ ይገባል። ምንም ካልተረፈ ከሁለት አንዱ ሆኗል፤ ወይ ከመነሻው አልተጨመረበትም፣ ወይ መንገድ ላይ ቆሻሻ አግኝቶት ክሎሪኑ እዚያ አልቋል። እኔን የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ነው።

ጋሼ፦ መንገድ ላይ ከየት ያገኘዋል? ቧንቧ ዝግ አይደል እንዴ?

እኔ፦ ውሃ ሲሞላበት እንደ ዝግ ይቆጠራል። ቀዳዳ ቢኖረው እንኳ ግፊቱ ወደ ውጭ ስለሆነ ውሃ ይባክናል እንጂ የውጭው ወደ ውስጥ አይገባም። ፈረቃው ሲዘጋ ግን ቱቦው ባዶውን ይቀራል። ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ያለ ሰው ቧንቧውን ሲከፍት ደግሞ የቀረችው ውሃ ወደ እሱ ስትወርድ ከኋላዋ ትስባለች። ያን ጊዜ ያ ቀዳዳ አፍ ሆኖ በዙሪያው ያገኘውን ይጠጣል። ቱቦው ያለው ደረቅ አፈር ውስጥ ከሆነ ብዙም አይጎዳም። የፍሳሽ ቦይ ውስጥ ከተጋደመ ግን የሚጠጣው ቦዩን ነው። ሌሊት ውሃ ሲለቀቅ መጀመሪያ ጀሪካናችሁ ውስጥ የሚገባው ያ የተጠጣው ነው።

ጋሼ፦ (ትንሽ ዝም ብለው) ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ቱቦው ቦዩን የሚሻገርበት ቦታ አለ። በየቀኑ ስሻገረው ነው የኖርኩት።

እኔ፦ ከምሳ በኋላ ያሳዩኛል።

ጋሼ፦ አሳይሻለሁ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ቦዩ ውስጥ የሚሄደው ፍሳሽ ለምን እዚያ ይሄዳል? ቃሊቲ ያንን የሚያክል ማጣሪያ ተሠርቶ የለም ወይ? ግንባታው ሲካሄድ በታክሲ ስናልፍ እናየው ነበር። ተመረቀ ሲባል በቃ ተገላገልን ብዬ ነበር።

እኔ፦ ማጣሪያው ትልቅ ሥራ ነው፤ አላቃልለውም። ድሮ እዚያ የነበሩትን ኩሬዎች ያስታውሷቸዋል?

ጋሼ፦ እንዴት አላስታውስ! በደርግ ጊዜ ነው የተቆፈሩት። ነፋስ ከዚያ በኩል ሲመጣ ምግብ አይበላም ነበር።

እኔ፦ እነዚያ ኩሬዎች የተሠሩት በቀን 7,600 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲቀበሉ ነበር። አንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ያህል ፍሳሽ ያወጣል ብንል የ150 ሺህ ሰው መሆኑ ነው። ከተማው ግን እነሱን አልጠበቃቸውም። በሚሊዮኖች ሲቆጠር እነሱ በዚያው ልካቸው ብዙ ዓመት ቆዩ። በኋላ በዓለም ባንክ ገንዘብ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ የሚያጣራው አዲሱ ተሠራ። በዚያው ሒሳብ የ2 ሚሊዮን ሰው ፍሳሽ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ 4 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይኖራል።

ጋሼ፦ ግማሹን ማለት ነው። ግማሽም ቀላል አይደለም።

እኔ፦ ግማሽ የሚሆነው ፍሳሹ እዚያ ከደረሰ ነው። ማጣሪያ እግር የለውም፤ ሄዶ አያመጣም። የሚያጣራው በትልቁ የፍሳሽ መስመር የሚመጣለትን ብቻ ነው፤ ወደ መስመሩ የሚገባው ደግሞ ከመስመሩ ጋር የተገናኘ ቤት ፍሳሽ ነው። እርስዎ ቤት ተገናኝቷል?

ጋሼ፦ የለም፣ እኛ ጉድጓድ ነው ያለን። ሲሞላ መኪና ጠርተን እናስመጥጣለን።

እኔ፦ ጎረቤትስ?

ጋሼ፦ ጎረቤትን ተዪው።

እኔ፦ አልተውም ጋሼ፣ ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

ጋሼ፦ አንዳንዱ ያስመጥጣል። አንዳንዱ ሰኔ ደርሶ ዝናቡ እስኪጥል ይጠብቅና ሌሊት ወደ ቦይ ይለቀዋል። ወንዙ አፋፍ ላይ ያሉት ደግሞ ጉድጓድም የላቸው፤ ቱቧቸው ቀጥታ ወደ ወንዙ ነው። ክፋት ሆኖባቸው አይደለም። መኪና ለማስመጣት ገንዘብ ይጠይቃል፣ ቢከፈልም መንገዱ ጠቦ መኪናው አይገባላቸውም።

እኔ፦ ስለዚህ በሰፈራችሁ ካለው ፍሳሽ ብዙው ማጣሪያውን በሩቁ እያየ ወደ ወንዝ ይወርዳል። በመስመር የሚሄደውም ቢሆን ማንሆሉ በላስቲክና በጨርቅ ከተዘጋ ገንፍሎ ወጥቶ ቦይ ይይዛል። ዋናው መስመር ደግሞ የወንዙን ዳር ተከትሎ ነው የሚወርደው። ክረምት ጎርፍ ዳሩን ሲሸረሽረው፣ ቱቦው ሲሰበር፣ ፍሳሹ ወንዝ ይገባል። ሰው ማጣሪያው ሠራ ወይስ አልሠራም ብሎ ይጠይቃል። እኔ የምጠይቀው ከዚያ በፊት ነው፤ ፍሳሹ ደረሰ ወይ?

ጋሼ፦ የደረሰውስ? ከእዚያ የሚወጣው ይጠጣል?

እኔ፦ አይጠጣም። ለመጠጥም አልተሠራም። እንዴት እንደሚሠራ ልንገርዎት፤ እኔ ራሴ ሥራውን እወደዋለሁና። ፍሳሹ ከሥር ወደ ላይ እንዲወጣ ተደርጎ ትልልቅ ገንዳ ውስጥ ይገባል። ገንዳው ሥር አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች እንደ ድፍድፍ ረግተው ተቀምጠዋል። ፍሳሹ በመሃላቸው ሲያልፍ ቆሻሻውን እየበሉ ጋዝ ያወጣሉ፤ ገጠር ከከብት እበት የሚወጣው ባዮጋዝ ዓይነት ነው። ከዚያ የወጣው ውሃ ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ በተለጠፈበት መደብ ላይ እንደ ካፊያ ይረጫል። እነዚህኞቹ አየር ይፈልጋሉ። የቀረውን እነሱ ይበሉታል። ሕያው ነገር ነው ጋሼ፤ እንደ ከብት ይመገባል፣ ይታመማል፣ ይሞታል።

ጋሼ፦ ምን ያሳምመዋል?

እኔ፦ ከፋብሪካ የሚመጣ መርዝ። የቆዳ ክሮሚየም፣ የቀለም ኬሚካል፣ አሲድ። ባክቴሪያዎቹ የሚበሉት የሰውን ቆሻሻ እንጂ ብረትን አይደለም። ክሮሚየም ቢገባ ግማሹ ዝቃጩ ውስጥ ይቀመጣል፣ ግማሹ ከውሃው ጋር ያልፋል። ማጣሪያው ደህና ሆኖ በሚሠራበት ቀንም ቢሆን ናይትሮጅኑ ብዙም አይነካም፤ ከተቅማጥ ጀርሙም የሚተርፍ አለ። መብራት ጠፍቶ ፓምፕ የቆመ ቀን ምን እንደሚሆን እርስዎም ይገምቱታል።

ጋሼ፦ (ለረጅም ጊዜ ሲኒያቸውን እያዩ) እንግዲህ ስለ ቀለም ካነሣሽ አንድ ነገር ልንገርሽ። ለእናትሽ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

እኔ፦ ይንገሩኝ።

ጋሼ፦ እሠራበት የነበረው ፋብሪካ፣ ስሙ ይቅር፣ ቀለም ይነክራል። በዕለቱ የተነከረው ምንም ይሁን፣ ሲያልቅ ጋኑን ወደ ቦይ የምንለቅ እኛ ነበርን። ማታ ማታ ነው የሚለቀቀው። ጠዋት ወደ ቤት ስመለስ ወንዙ አንድ ቀን ሰማያዊ፣ አንድ ቀን እንደ ቀይ ሥር ሆኖ አየዋለሁ። ልጆች «ዛሬ ምን ቀለም ነው?» ብለው ይወራረዱበት ነበር። እኔ መልሱን አውቃለሁ፤ ቫልቩን የከፈትኩት እኔ ነኛ። እናቴ በልጅነቴ ከዚያ ወንዝ እየቀዳች ነበር ያሳደገችን። ያንን እያወቅሁ ነው የከፈትኩት።

እኔ፦ የት ይሂድ ተብሎ ነበር የተነገራችሁ?

ጋሼ፦ ማንም የት ይሂድ ብሎ አልጠየቀም። ወንዝ ሲወስድ አየን፤ ወሰደልን አልን። እኔ ወንዝ ነገር ይዞ የሚጠፋ ይመስለኝ ነበር። የሚደርስበት አገር እንዳለ አላሰብኩም።

(እዚህ ላይ እትዬ ሁለተኛውን ቡና አቀረቡ። ውሃው ጎረቤት ካለ ሮቶ የመጣ ነው፤ ሮቶው የተሞላው ባለፈው ሳምንት ነበር።)

እኔ፦ የሚደርስበትን እንከተለው? ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ ከእንጦጦና ከአካባቢው ተራሮች ይነሣሉ። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚህ እኛ ያለንበት ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ነው። በመሃል ያለው ከተማ በሙሉ ወደ እኛ ያዘነበለ ነው። የቄራው፣ የመርካቶው፣ የሆስፒታሉ ፍሳሽ፣ የጋራዡ ዘይት፣ ሁሉም ቁልቁል ይመጣል። ሁለቱ ወንዞች አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ።

ጋሼ፦ አባ ሳሙኤልን አባቴ ሲያወራልኝ እንደ ተአምር ነበር። ከአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ የውሃ መብራቶች አንዱ።

እኔ፦ አዎ፣ በአውሮፓውያን 1930ዎቹ የተሠራ ነው። በኋላ በደለል ተሞልቶ መብራቱም ቆሞ ነበር፤ ቻይናዎች ናቸው ያደሱት። ሐይቁ ላይ ግን እምቦጭ ሲነጠፍ የምናየው በከንቱ አይደለም። እምቦጭ የሚወፍረው በናይትሮጅንና በፎስፈረስ ነው፤ ያ ደግሞ የእኛ ሽንት ቤትና የእኛ ሳሙና ነው። ከአባ ሳሙኤል ወጥቶ አዋሽን ይቀላቀላል። ከዚያ ቆቃ። ቆቃ ላይ በሙቀት ጊዜ ውሃው እንደ አረንጓዴ ቀለም ይወፍራል፤ መርዝ የሚያመነጭ አልጌ እንዳለበት ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ከቆቃ ግድብ በታች ደግሞ አዳማ አለች። አዳማ የምትጠጣው ከአዋሽ እየተጣራ የሚሰጣትን ነው።

ጋሼ፦ አዳማ ያለችው አክስትሽ?

እኔ፦ እሷም። እኛ ሰው ሲቀርበን «የወንዜ ልጅ» እንላለን። አንድ ወንዝ የጠጣ ማለት ነው። የአዳማ ሰው፣ የመተሐራ ሰው፣ ከአባ ሳሙኤል ሥር ከብቱን የሚያጠጣ ገበሬ፣ ሁሉም በቃሉ ትርጉም የወንዛችን ልጆች ናቸው። እርስዎ የለቀቁት ሰማያዊ ውሃ እነሱ ጋ ደርሷል። ይህንን የምለው ልወቅስዎት አይደለም።

ጋሼ፦ ብትወቅሺኝም ልክ ነሽ። ግን እነሱ ታች ናቸው፤ እኛም ታች ነን። ላይ ያለው ሰውስ?

እኔ፦ ላይ ያለው ሰው ይህን ሳይሰማ መቅረት የለበትም። ስንት ጊዜ እንደሚገርመኝ አልነግርዎትም፤ ቦሌ ተቀምጦ «አቃቂ ይሸታል» የሚል ሰው፣ አቃቂን እየጠጣ መሆኑን አያውቅም። ከ1990ዎቹ ጀምሮ እዚህ አካባቢ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ውሃ በፓምፕ ወደ ላይ ተገፍቶ ወደ ከተማው ማጠራቀሚያ ይገባል። የለገዳዲም የገፈርሳም ግድብ ብቻቸውን ከተማውን አይችሉትም። ከተማው ቆሻሻውን ወደ እኛ ያወርዳል፤ የሚጠጣውን ደግሞ ከእኛ እግር ሥር ይቀዳል። ቆሻሻው ከላይ፣ ውሃው ከታች፣ በመሃላቸው መሬት ብቻ።

ጋሼ፦ መሬት እኮ ያጣራል። ድሮ ጉድጓድ ስንቆፍር እንዲያ ነበር የሚባለው።

እኔ፦ አሸዋ ያጣራል። ድፍን ሸክላ ይከለክላል። የአቃቂ መሬት ግን ሌላ ነው። ለመንገድ ሥራ የሚቆፈረውን ያንን ቀይ፣ ባለ ብዙ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ያውቁታል አይደል? ከሥራችን ያለው እሱና የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ነው። ጉድጓዶቹ ይህን ያህል ውሃ የሚሰጡት ውሃ በዚያ ስንጥቅ እንደ ልብ ስለሚመላለስ ነው። ግን ንጹሑን በቀላሉ የሚያመላልስ መንገድ ቆሻሻውንም አይመልስም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የከርሰ ምድር ውሃ ምሁር ታምሩ ዓለማየሁ ይህንን ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምረው አጥንተውታል፤ የከተማው የከርሰ ምድር ውሃ ለብክለት የቱ ጋ እንደሚጋለጥ የሚያሳይ ካርታ ሠርተዋል። መሃል ከተማ ባሉ ምንጮችና ጥልቀት በሌላቸው ጉድጓዶች ውስጥ ናይትሬት በዝቶ ተገኝቷል። ናይትሬት በብዛት ሲገኝ ከላይ የሰው ጉድጓድ እየሰረገ መሆኑን ይናገራል። ጥልቁ ውሃ ከእነዚያ የተሻለ ነው። የተሻለ ሆኖ እንዲቆይ ነው የምንጨነቀው፤ የከርሰ ምድር ውሃ አንዴ ከተበላሸ ከርሞ ማጠብ አይቻልም።

ጋሼ፦ እትዬሽ ለማንኛውም ታፈላዋለች። ልጆቹ በጃርዲያ ከተሰቃዩ ወዲህ ያልፈላ ውሃ እዚህ ቤት አይጠጣም። በ2008 ክረምት አተት ገባ ሲባል ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሲያፈላ ከረመ።

እኔ፦ እትዬን ያቆይልን፤ ለጃርዲያ ከማፍላት የተሻለ የለም። ጃርዲያ ክሎሪንን ይቋቋማል፣ የፈላ ውሃን ግን አይችልም። አንድ ደቂቃ ተንተክትኮ ይውረድ፤ እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን እስከ ሦስት ደቂቃ ቢቆይ ይበልጥ ጥሩ ነው። ጣጣው ሌላ ነው። ናይትሬትን እሳት አያጠፋውም። እንዲያውም ውሃው እየተነነ ስለሚቀንስ በቀረው ውስጥ ይበዛል። ክሮሚየምና እርሳስም እንዲሁ። ናይትሬት በሊትር ከ50 ሚሊግራም በላይ ከሆነ የጡጦ ወተት ለሚበጠበጥለት ጨቅላ አደገኛ ነው፤ ደሙ ኦክስጂን መሸከም ያቅተዋል። እናት «አፍልቼ ነው የሰጠሁት» ብላ እርግጠኛ የሆነችበት ውሃ ነው የሚጎዳው። ይህ ነው እንቅልፍ የሚነሣኝ። ጀርሙን ቤት ውስጥ መከላከል ይቻላል። ሌላውን መከላከል የሚቻለው እርስዎ ቫልቭ የከፈቱበት ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ጋሼ፦ ቆስጣውስ? ከወንዙ ማዶ ቆስጣና ሰላጣ የሚያለሙት እኮ የወንዙን ውሃ በፓምፕ እየሳቡ ነው።

እኔ፦ እሱም ተጠንቷል። ፍስሐ ኢታና የተባሉ ተመራማሪ በአውሮፓውያን 2002 ባወጡት ጥናት አዲስ አበባ ውስጥ በሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ ያለውን ብረት ለክተዋል። ሰላጣና ቆስጣ ከጥቅል ጎመን የበለጠ ይሰበስባሉ። ግን ዛሬ ቆስጣ ከጀመርን የውሃውን አንጨርስም።

ጋሼ፦ እሺ፣ ሕግ የለም ወይ?

እኔ፦ ሕግ ሞልቷል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለ ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ። ከተማውም በ2017 የወንዞች ብክለትን የሚመለከት ደንብ አውጥቷል። አዋጁ አንቀጽ 11 ላይ ያለውን ልንገርዎት፤ ማንም ሰው፣ እኔ በግሌ ተጎዳሁ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ብክለትን አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን መልስ ካላገኘ ወይም በመልሱ ካልረካ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

ጋሼ፦ የሄደ አለ?

እኔ፦ አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ አፓፕ የሚባል ድርጅት በአቃቂና በሞጆ ወንዞች ብክለት ምክንያት የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑን ከሶ ነበር። ክሱ በካዮቹን አላስቆምክም የሚል ነው። የእኛ ወንዝ ስም ፍርድ ቤት ተጠራ ማለት ነው።

ጋሼ፦ አልሰማሁም! ምን ተፈረደ?

እኔ፦ ውድቅ ሆነ። ሕግ ትምህርት ቤት ውስጥ እስካሁን ይጠቀሳል። ወንዙ ግን እንዳለ ነው።

ጋሼ፦ እንዲያ ከሆነ ለምን ትነግሪኛለሽ?

እኔ፦ ምክንያቱም ያ ክስ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከእኛ ቤት ማንም አልቆመም። እኔም ስለ ክሱ ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው፤ እዚህ አድጌ።

ጋሼ፦ እኛ ያን ጊዜ ወንዙን ለምደነው ነበር ልጄ። ሽታ ይለመዳል።

እኔ፦ አንድ የሩቅ አገር ታሪክ ልንገርዎት፤ ሁልጊዜ እያሰብኩት ነው የምሠራው። በአውሮፓውያን 1892 ጀርመን አገር ሐምቡርግ ከተማ ኮሌራ ገባ። ሐምቡርግና አልቶና አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ከተሞች ነበሩ፤ አንድ መንገድ ነው የሚለያቸው። ሁለቱም የሚጠጡት ከኤልባ ወንዝ ነው። ሐምቡርግ የምትቀዳው ከከተማው በላይ ነው፣ ግን ሳታጣራ። አልቶና የምትቀዳው ከታች ነው፤ የሐምቡርግ ፍሳሽ ከገባበት በኋላ። ማን ያለቀ ይመስልዎታል?

ጋሼ፦ የታቹ ነዋ። ሁልጊዜ የታቹ ነው የሚያልቀው።

እኔ፦ ሐምቡርግ ናት። 8,600 ያህል ሰው ሞተባት። አልቶና የታች ሰው መሆኗን ታውቅ ስለነበር ውሃዋን በአሸዋ መደብ ቀስ ብላ ታጣራ ነበር። በአንዱ መንገድ ግራና ቀኝ፣ ይህ ወገን ሲሞት ያኛው ተረፈ። ሐምቡርግ ማጣሪያውን የጨረሰችው በዓመቱ ነው።

ጋሼ፦ (ራሳቸውን እየነቀነቁ) የታች ሰው መሆኗን ታውቅ ነበር አልሽ።

እኔ፦ እኛ ማወቅ ያለብን እሱን ነው። አልቶና ግን የተገላገለችው ከጀርም ነው፤ አሸዋ ክሮሚየም አያስቀርም። ስለዚህ እንደ አልቶና ማጣራት ብቻውን አይበቃንም። የፋብሪካው ፍሳሽ ከፋብሪካው ግቢ ሳይወጣ መታከም አለበት። የቤቱ ፍሳሽ መስመር ውስጥ መግባት አለበት፤ መስመር የማይደርስበት ሰፈር ደግሞ ጉድጓዱ በተራና በርካሽ የሚመጠጥበት መንገድ ያስፈልገዋል፤ ለጠባቡ መንገድም የሚሆን ትንሽ መኪና። መሥሪያ ቤቱ ስሙ «ውሃና ፍሳሽ» ነው ጋሼ። ስሙን ያወጣ ሰው ገብቶት ነበር። ሰው ግን ተሰልፎ የሚጮኸው ለውሃው ነው፤ ለፍሳሹ የሚሰለፍ የለም። ለእኔ ሁለቱ አንድ ሥራ ናቸው። የእርስዎ የመጠጥ ውሃ መታከም የሚጀምረው ሰው ሽንት ቤት ውሃ ሲለቅ ነው።

ጋሼ፦ እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ሸማቾች ሱቅ የዘይትና የስኳር ዋጋ በር ላይ ተለጥፎ እናያለን። የምንጠጣው ውሃ ግን ባለፈው ወር ምን እንደተገኘበት የት ተለጥፏል? አንቺ ታውቂያለሽ፤ ላቦራቶሪ ነሽ። እኔ የማውቀው በእትዬሽ አፍንጫ ነው።

እኔ፦ (ለዚህ የምሰጠው መልስ አልነበረኝም። ውጤቶችን በየቀኑ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ከመዝገቡ ወጥተው ወረዳ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፉ አይቼ አላውቅም።) ልክ ነዎት። መለጠፍ አለበት። ክሎሪኑ ስንት እንደሆነ፣ ኢኮላይ እንዳለና እንደሌለ፣ ናይትሬቱ ስንት እንደሆነ፤ ከየትኛው ሰፈር ቧንቧ እንደተወሰደና ቀኑ ጭምር። ኢኮላይ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ዜሮ መሆን አለበት። ዜሮ ማንበብ ደግሞ ማንም ይችላል።

ጋሼ፦ በይ ተነሺ፣ ቱቦውን ላሳይሽ።

ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ወረድን። ቦዩ ስፋቱ ሁለት እርምጃ ይሆናል። ውሃው ግራጫ ነው፣ ላዩ ላይ የሳሙና አረፋ ይንሳፈፋል። ሁለት ቀጭን የብረት ቱቦዎች ቦዩን ይሻገራሉ። አንደኛው ከውሃው በላይ ነው። ሁለተኛው መሃሉ ላይ ጎብጦ ፍሳሹ ውስጥ ገብቷል። መጋጠሚያው ላይ የላስቲክ ጎማ ተጠምጥሞበታል፤ ጎማው ራሱ አርጅቶ ተሰነጣጥቋል።

ጋሼ፦ ጎማውን የጠመጠምኩት እኔ ነኝ። ውሃ እየፈሰሰ ይባክናል ብዬ ነበር። ሦስት ዓመት ሆነው።

እኔ፦ ያን ቀን ወደ ውጭ ነበር የሚፈሰው።

ጋሼ፦ አዎ፣ ወደ ውጭ ነበር። ሲፈስ አይቼ ደነገጥኩ፤ ጠመጠምኩ። ወደ ውስጥ ሲሆን ግን አይታይም።

ከመኪናዬ የናሙና ጠርሙሶቹን አመጣሁ። ጠርሙሱ ውስጥ የክሎሪኑን ሥራ የሚያቆም ዱቄት አለ፤ ውሃው ጠርሙሱ ውስጥ ከገባ በኋላ ክሎሪኑ ጀርሙን እየገደለ ውጤቱን እንዳያሳስተን ነው። በረዶ በያዘ ሳጥን ተቀምጦ ቢቻል በስድስት ሰዓት፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለበት። ከቤታቸው ቧንቧ ልቀዳ ስል ቧንቧው ደርቆ ነበር። ፈረቃው አልደረሰም።

ጋሼ፦ የሚመጣው ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው።

እኔ፦ እጠብቃለሁ።

ጋሼ፦ ነገ ሥራ አለብሽ።

እኔ፦ የመጀመሪያው ውሃ ነው የሚያስፈልገኝ። ሌሊት መጀመሪያ የሚወርደው፣ ቱቦው ሲጠጣ ያመሸው።

ጋሼ፦ እንግዲያው ሁለት ጠርሙስ ተዪልኝና አንቺ ተኚ። እንዴት እንደሚቀዳ አሳዪኝ፤ ስምንት ሰዓት እኔ እነሣለሁ። ወረቀቱ ላይም የእኔን ስምና የሰፈሩን ስም ጻፊ። ሰዓቱን ግን ራሴ እጽፈዋለሁ።